«ጠቢብ» እና «ጠይብ»፤ አንድ ቃል በሁለት ዕጣ

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ግርጌ፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቀጨኔ የሚባለውን ሰፈር በስም የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ጥቂት ነው። በየቤታችን ካሉት ጀበናዎች፥ ድስቶችና ምጣዶች መካከል ከዚያ ሰፈር ሴቶች እጅ የወጣው ቀላል አይደለም። በበዓል ቀን ከምንለብሰው ኩታና ቀሚስም በቀጨኔ ሸማኔዎች መወርወሪያ የተሠራ አለበት። የሰፈሩን ሰው ግን ከዕቃው ጋራ አንድ ቃል ሲከተለው ኖሯል። ዕቃው በገበያ ሲወደድ ሠሪው በዚያ ቃል ሲጠላ ቈይቷል። ቃሉም «ጠይብ» ነው።

በዚች ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ቃል ነው። ከየት እንደ መጣ፥ ከየትኞቹ ቃላት ጋራ እንደሚዛመድ፥ ከፍ ካለው ወንበር ወደ ታች እንዴት እንደ ወረደ በተራ እንመለከታለን። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው አብሮን እንዲዘልቅ እንለምነዋለን፤ አንድ ቃል የስንቱን ሰው ጋብቻ፥ ጕርብትናና ዕለታዊ ኑሮ ሲወስን እንደ ኖረ በመጨረሻው ላይ ይታያልና።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

የቃላትን ዝምድና የሚያጠኑ ሊቃውንት አንድን ቃል ብቻውን አይመረምሩም። እኅቶቹን በሌሎች ቋንቋዎች ፈልገው ጎን ለጎን ያቆሙና ትርጓሜው የት ላይ እንደ ተለያየ ይመለከታሉ። ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆኑን ስፓኝኛና ሮማንሽ የተባሉት ቋንቋዎች ናቸው። ስፓኝኛ ውቅያኖስ ተሻግሮ ብዙ አገሮችን የያዘ ታላቅ ቋንቋ ነው። ሮማንሽ ግን በስዊስ አገር፥ በግራውቢንደን ተራሮች ሸለቆዎች ውስጥ ጥቂት ሕዝብ የሚናገረው ትንሽ ቋንቋ ነው፤ የስዊስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1938 ድምፅ ሰጥቶ ከአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋዎች እንደ አንዱ ተቀብሎታል። እነዚህ ሁለት ቋንቋዎች በቦታ ቢራራቁም እናታቸው አንዲት ናት፤ እርስዋም ላቲን ናት።

በላቲን «ፋቤር» ማለት ባለ እጅ፥ ዕቃ ሠሪ ማለት ሲሆን የሚሠራበት ቦታ «ፋብሪካ» ይባል ነበር። ይህ ቃል በስፓኝ ሕዝብ አፍ ብዙ ዘመን ሲመላለስ «ፍራጓ» ሆነ። በስዊስ ተራሮች ደግሞ «ፍራቭጃ» ሆነ። የሁለቱም ትርጓሜ አንድ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ወናፉን እየነፋ፥ ብረቱን እያጋለ የሚሠራበት ቤት ማለት ነው። በኢጣልያንኛ ግን ቃሉ ከጥንት መልኩ ብዙ ሳይለወጥ ቈይቶ ታላቁን የመኪና ማምረቻ ቤት ለመሰየም ዋለ፤ እኛም «ፋብሪካ» ብለን ከኢጣልያንኛ ወሰድነው። እንግዲህ የስፓኙ ቀጥቃጭ የብረት ቤት፥ የስዊሱ ገበሬ ማረሻውን የሚያስልበት ደጅና የኛ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በስም ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ቁም ነገር እንይዛለን። አንደኛው፥ ዘመዳማ ቃላት ከአንድ ቤት ወጥተው በየሄዱበት አገር የተለየ ዕጣ ሊደርሳቸው እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፥ አንድ ቃል በየአገሩ ከፍ ማለቱና ዝቅ ማለቱ ሕዝቡ ለነገሩ የሰጠውን ዋጋ የሚያሳይ መሆኑ ነው። ባለጠጎች የሚሽቀዳደሙባት «ፌራሪ» የተባለችው መኪና ስምዋን ያገኘችው ከመሥራችዋ ከኤንሶ ፌራሪ ነው። «ፌራሪ» ማለትም ከብረት ስም የወጣ ሆኖ ብረት ቀጥቃጮች ማለት ነው። በስፓኝም «ኤሬሮ» ተብሎ በዚሁ ትርጓሜ የሚጠራ ቤተ ሰብ ሞልቷል። የቀጥቃጭነት ስም በዚያ አገር የቤት መጠሪያ፥ የዕቃ ማስጌጫ ሆነ። በኛ አገር ምን እንደ ሆነ ወደ ማየቱ እንመለስ።

የቃሉ ሥር

በግእዝ «ጠበበ» ማለት ዐዋቂ ሆነ፥ ብልህ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ግሥ «ጥበብ» እና «ጠቢብ» ይወጣሉ። ንጉሡን ሰሎሞንን «ጠቢቡ» የምንለው፥ ልጆቻችንን ጥበቡ ወይም ጥበቤ ብለን የምንሰይመው ከዚሁ ሥር ወስደን ነው። የግእዝ ጥበብ ግን በሐሳብ ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ ባስልኤልና ኤልያብ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለድንኳኑ ሥራ ሲመረጡ፥ ወርቁን፥ ብሩንና ናሱን ይሠሩ ዘንድ ጥበብ እንደ ተሰጣቸው እናነባለን። ከዚያም ወረድ ብሎ በምዕራፍ 35 ሸማኔውና ጠላፊው በዚሁ ስጦታ ከእነርሱ ጋራ ይቈጠራሉ። ስለዚህ በጥንቱ አነጋገር እጁ የሚያውቅ ሰውና ልቡ የሚያውቅ ሰው በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በዕብራይስጥም «ሐካም» የሚለው ቃል ለሊቁም ለባለ እጁም በዚህ ዐይነት ያገለግላል።

«ጠይብ» ከዚህ ከ«ጠቢብ» የወጣ ነው። መካከለኛው «ብ» በአማርኛ አፍ ላልቶ ወደ «ው» እና ወደ «ይ» የሚጠጋ ድምፅ ሆነ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግእዙ «ሰብእ» በአማርኛ «ሰው» የሆነው «ብ» በመላላቱ ነው። እንግዲህ «ሰው» የሚለውን ክቡር ቃል የሰጠን የድምፅ ለውጥና «ጠይብ» የሚለውን ቃል የሰጠን ለውጥ ዘመዳሞች ናቸው። በድምፁ መለወጥ አንዳች ነውር የለበትም። ነውሩ የገባው በኋላ ነው።

ተማሪዎች እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ «ጠበበ» ስንል ቦታው አነሰ፥ አልበቃም ማለትም ይሆናል። ይህ ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ በግእዝ «ጸበበ» ተብሎ በ«ጸ» ይጻፋል። ሁለቱ በአማርኛ ተመሳሰሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ጥበብን ያጠበብናት እኛው ነን እንጂ በተፈጥሮዋ ሰፊ ናት። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን ያማርኛ መዝገበ ቃላት ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን ወደ ዐረብኛ እንለፍ። በዐረብኛም «ጠቢብ» የሚል ቃል አለ፤ አነጋገሩም ከኛው ብዙ አይለይም። የጥንቱ ትርጓሜ በሥራው የሠለጠነ፥ ሙያውን የሚያውቅ ማለት ሲሆን እየዋለ እያደረ በሽተኛ የሚያክመውን ሰው ብቻ መጥሪያ ሆነ። ከዐረብኛም ተነሥቶ ወደ ቱርክና ወደ ስዋሂሊ ቋንቋዎች ተሰደደ፤ በእነዚያም አገሮች ሐኪም ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከዐረብኛ «ሐኪም» የሚለውን ቃል ተቀበልን። እርሱም በመሠረቱ ዐዋቂ፥ ብልህ ማለት ነው፤ የዕብራይስጡ «ሐካም» እኅት ነው። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ፥ በ1860 ዓ.ም.፥ በሕፃንነታቸው ተወስደው በህንድ አገር ሕክምና ተምረው የተመለሱትን ታላቅ ሰው ሕዝቡ ሐኪም ወርቅነህ ብሎ የጠራቸው በዚህ ቃል ነው።

ነገሩን ልብ ላለው ሰው የሚያስገርም ነው። ዐረቦች ጠቢቡን ሰው አስታማሚ አድርገው በበሽተኛው ራስጌ አስቀመጡት። እኛ ለሐኪማችን ስም ከእነርሱ ስንበደር፥ ከአባቶቻችን የወረስነውን የራሳችንን «ጠቢብ» ከፍለን ግማሹን በሰሎሞን ዙፋን ላይ አወጣነው፤ ግማሹን «ጠይብ» ብለን ከደጅ አቆምነው።

ቃሉ እንዴት ወረደ?

አንድ ቃል ያለ ምክንያት አይወርድም። በጥንቱ የአገራችን ሥርዐት የሰው ክብር የሚለካው በርስት ነበር። ርስት ያለው ያርሳል ወይም ያሳርሳል፤ ርስት የሌለው በእጁ ሙያ ይኖራል። በሰሜኑ አገር ቤተ እስራኤሎች ከርስት በተለዩ ጊዜ በብዛት የያዙት ብረት መቀጥቀጥን፥ ሸማ መሥራትንና ሸክላ መሥራትን ነው። ስለዚህ እጀ ሥራ የርስት አልባነት ምልክት ሆነ፤ የሠሪውም ስም ከዕጦቱ ጋራ አብሮ ወረደ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ቀጥቃጩ ጥቁሩን ድንጋይ በእሳት አቅልጦ ብረት ያወጣል፤ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን በእሳት አሳልፋ ውሃ የማይፈታው ዕቃ ታደርገዋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ሲያይ ከዕውቀት ይልቅ አስማት ይመስለዋል። ከዚህም ጠይብ ቡዳ ነው፥ ዐይኑ ይበላል፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ተረት ተወለደ። ማረሻውን፥ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ሲፈልገው ኖረ፤ በማዕዱ ግን አላስቀመጠውም፥ ልጁንም አልዳረለትም።

ቃሉ በሸዋ ገና በጥንት መልኩ ሳለ ይህ ፍርሃት እንደ ነበረ የሚያሳይ ምስክር አለ። በ1831 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የመጣው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በአንኮበር አካባቢ «ጠቢባን» የሚባሉ ባለ እጆች እንዳሉና ሕዝቡ እንደ አስማተኛ እንደሚፈራቸው በመዝገቡ ጽፏል። ስማቸው ዐዋቂዎች ማለት ነው፤ አጠራራቸው ግን የሚፈሩ ማለት ሆኖ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ቤተ መንግሥቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ባለ ሙያ ፈለጉ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ቀጥቃጮች፥ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ፤ የቀጨኔ ባለ እጆች መነሻቸውን ወደዚያው ወደ ሸዋ ይመልሳሉ። ከመካከላቸውም ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል የሚቈጥሩ አሉ። ከተማይቱ በእጃቸው ተጠቀመች፤ ስሙን ግን ከአገር ቤት እንዳለ ይዘው መጡ፥ ወይም በትክክል ለመናገር ስሙ ተከትሏቸው መጣ።

የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ

በዚህ ነገር ላይ የመንግሥት ቃል የተሰማው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሕዝቡ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፥ ሸማኔውንም በሌላ የንቀት ስም እያለ መሳደቡን አውግዘው ነበር። የዐዋጁ ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን ነው። ሠራተኛውን የሚሰድበው ራሱ ሥራ የማያውቀው ሰነፍ ነው። በፈረንጅ አገር መድፍና ጠመንጃ፥ ባቡርም የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይከበራል እንጂ አይሰደብም። ከእንግዲህ ወዲህ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፤ በእስራትም ይቀጣል።

ዐዋጁ የነካውን ቁም ነገር ከቃላቱ ወገን ስናየው ይበልጥ ይገለጣል። «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ሐኪም» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ «ፋብሪካ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። እንግዶቹን ቃላት ተቀብለን ከወንበር አስቀመጥናቸው። ብረት አቅልጦ የሚቀጥቅጠውን የራሳችንን ሰው የሚጠራው የራሳችን ቃል ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ በጋፋት፥ መድፍ ያሠሩ የነበሩት የውጭ አገር ባለ ሙያዎች በንጉሥ ፊት ሲከበሩ፥ ለሠራዊቱ ጦር የሚያሾለው የአገር ልጅ በየመንደሩ ይናቅ ነበር። ሥራው አንድ ዐይነት ነው፤ የተለያየው ስሙ ነው።

ዐዋጅ ሥርዐትን ይለውጣል፤ የሕዝብን አፍ ለመለወጥ ግን ረዥም ጊዜ ይፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሽሮ የንቀቱን አንድ ሥር ነቀለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ሆኖም ቃሉ በሠርግ ሽምግልና፥ በትምህርት ቤት ሜዳ፥ በጎረቤት ጠብ ላይ ብቅ ማለቱ አልቀረም። በዚህም ምክንያት ሰፈሩን ሲጠየቅ ሌላ ሰፈር የሚጠራ፥ የእናቱን ሙያ የሚደብቅ ወጣት ነበረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ክፉ ስም ተከትሎ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው።

ጥበቡ የት ነው?

ይህ ቃል ለቀጨኔ ሴቶች በትክክል ይገባል ወይስ አይገባም ብለን ብንጠይቅ መልሱ በሥራው ላይ ይገኛል። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን መርጣ ትወቅጠዋለች፥ ትነፋዋለች፥ በውሃ ታቦካዋለች። ጭቃው በጣም ከወዛ ይጐብጣል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ልኩን የሚነግራት ሚዛን ሳይሆን የገዛ ጣቷ ነው። የሚሽከረከር መንኰራኵር የላትም። ራስዋ እየዞረች ወይም ዕቃውን እየመለሰች የእንስራውን ሆድ በእጅዋ ታወጣዋለች። ፀሐይ ድንገት እንዳይመታው በጥላ ታደርቀዋለች፤ በለሰለሰ ድንጋይ አሽታ ታበራዋለች። ከዚያ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በቅጠል ታቃጥለዋለች፤ ጥቁር እንዲሆን የምትፈልገውን ገና እንደ ጋለ በጭስ ታፍነዋለች። የቀጨኔ ጥቁር ጀበና ያንን መልክ ያገኘው በቀለም ሳይሆን በጭስ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአፈሩ ባሕርይ፥ የሙቀቱ ልክ፥ የአየሩ ጠባይ ይታወቃል። ይህን በመጽሐፍ ጽፎ የሚያስተምር ሰው የምድርና የኬሚስትሪ ሊቅ ይባላል። በእጅዋ የምታውቀው ሴት ግን ዕውቀትዋን ከእናትዋ ተቀብላ ለልጅዋ ታስተላልፋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ በገባበት በዚህ ዘመን እንኳ እንጀራው የሚሰፋበት ገጽ ሸክላ ነው። የቤት እመቤትም አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ የምትጨርሰው በሸክላ ሠሪዋ የተጀመረውን ሥራ ነው።

ሸማኔውንም እንመልከት። ድሩን ዘርግቶ ማጉን ሲያመላልስ፥ በቀሚሱ ጫፍ ላይ የሚያወጣውን ባለ ቀለም ጌጥ አማርኛችን ምን ብሎ እንደሚጠራው እናስተውል፤ «ጥበብ» ይለዋል። «ጥበብ ቀሚስ» የምንለው ስለዚህ ነው። ሙሽራይቱ በሠርግዋ ቀን ጥበብ ለብሳ ስትወጣ ሁሉም እልል ይላል፤ የጥበቡን ሠሪ ልጅ ግን ለልጁ ለመዳር የሚያመነታ አባት በዚያው ድንኳን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ቋንቋችን እውነቱን ጠብቆ ሳለ ልማዳችን ረስቶታል።

ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚያረቅቁ፥ ፈቃድ የሚሰጡ፥ መዝገብ የሚይዙ ወጣቶች እንዳሉ እናውቃለን። በየመዝገባቸው ላይ «እደ ጥበብ» የሚል ቃል ዘወትር ይገጥማቸዋል። ትርጓሜው የእጅ ጥበብ ማለት ነው፤ ሥሩም «ጠይብ» ከወጣበት ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ አንዲት የቀጨኔ ሴት ማኅበር ለማቋቋም ወይም የመሸጫ ቦታ ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤት ስትመጣ፥ በማመልከቻዋ ላይ በክብር የተጻፈው ቃልና በመንገድ ላይ በንቀት የተወረወረባት ቃል አንድ ቃል መሆኑን ጸሐፊው ማወቅ ይገባዋል። በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ክብር በአነጋገሩና በአቀባበሉ ቢያሳይ የመዝገቡን ቃል እውነተኛ አደረገው ማለት ነው።

ተማሪውም የሚሠራው ሥራ አለው። «ኪነ ጥበብ» እያልን ዘፋኙን፥ ሠዓሊውንና ደራሲውን እናከብራለን። በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ከስሙ ጀምሮ ይህን ቃል ተሸክሟል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሸራ ላይ ጀበና የሚሥለው ጥበበኛ ከተባለ፥ ጀበናዋን ከአፈር የምታወጣው ሴት ከዚህ ስም የምትከለከልበት ምክንያት የለም።

አንዳንድ ሰዎች ቃሉን ፈጽሞ እናጥፋው ይላሉ። ስድብ ሆኖ ሲወረወር በእርግጥ ከአፍ ሊወጣ አይገባውም፤ የተሰደበውን ሰው ሕመም የሰዋስው ትምህርት አያሽረውም። ቃሉን መደበቅ ብቻውን ግን ንቀቱን አያጠፋም፤ ንቀት ሌላ ስም ፈልጎ ይመጣል። የተሻለው መንገድ የቃሉን የልደት ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ነው። የቀጨኔ ልጅ በዚህ ስም ሲጠራ፥ አባቶቹን ዐዋቂዎች ብሎ የሰየመ ቋንቋ እንዳለ ይወቅ። ጠሪውም ከአፉ የወጣው ቃል ሰሎሞን የተጠራበት ቃል መሆኑን ይወቅና ዳግመኛ ከመናገሩ በፊት ያስብበት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እንስራው ይሰበራል፥ ሸማው ያልቃል፥ ሠሪውም ያልፋል፤ ስሙ ግን ለልጁ ይተርፋል። ለቀጨኔ ልጆች የሚተርፈው ስም «ጠቢብ» እንዲሆን ማድረግ በኛና በአንባቢዎቻችን አፍ ላይ ያለ ሥራ ነው።